በሽቦ የተንጠለጠለ ሽምግልና

በመካኒሳ አቦ ዙሪያ ማርሚታው የተበሳ መኪና ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጋሽ ወጋየሁ ደጅ ይደርሳል። ጋሽ ወጋየሁ ወጣትነቱንም ሽበቱንም በጭስ ማውጫ ቧንቧ መካከል ያሳለፈ በያጅ ነው። ሰፈሩ ግን በደንብ የሚያውቀው በብየዳው ሳይሆን በአፉ ነው። ልጁን የሚድር፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ሽምግልና ሲጠራ ቱታውን አውልቆ፣ እጁን በዱቄት ሳሙና ፈትጎ፣ ግራጫ ሱፉን ግጥም አድርጎ ይወጣል። ግጥም ሲባል ታዲያ ቁልፉን ሳይጨምር ነው። ሱፉ የተሰፋው ሆዱ እንዲህ ከመግፋቱ በፊት ስለሆነ ኮቱ ከተቆለፈ ብዙ ዘመን አልፎታል።

ባለቤቱ ሸዋረገድ፣ "የሰው ትዳር ያቆማል፣ የራሱን በር ማቆም ግን አቃተው" ትላለች። እውነቷን ነው። የበያጅ ቤት በር ሆኖ ሳለ የጓዳቸው መዝጊያ ከመንፈቅ በላይ በድንጋይ ተደግፎ ነው የሚያድረው።

ጋሽ ወጋየሁ በሽምግልና አንድ የማይሽረው ደንብ አለው፤ የማያውቁት ዕቃ አይሸጥም። ስለዚህ የሚያማልድለትን ሙሽራ ሥራ ጠንቅቆ ሳያውቅ ከቤቱ አይነቃነቅም። ለቀለም ቀቢ ሽማግሌ የሆነ ጊዜ ስለ ቀለም አጣጣል፣ ለንብ አርቢ የሆነ ጊዜ ስለ ንግሥቲቱ ንብ ጠባይ ሲተነትን አምሽቷል። አንዳንድ አባቶች ልጃቸውን የሰጡት ንግግሩ እንዲያልቅላቸው ብለው ነው የሚል ሐሜትም አለ። እሱ ግን ያማለደው ሁሉ ተሳክቷልና ሐሜቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

እንግዲህ ተራው የሸዋረገድ የወንድሟ ልጅ ብሩኬ ሆነ። ብሩኬ ከሶዶ መጥቶ በአክስቱ ቤት እየኖረ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ አሁን ደግሞ በፊዚክስ ለዶክትሬት የሚማር፣ ቀጭንና አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው። ሀና ማርያም አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሴና የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የተዋወቁት በመዘምራን ቡድን ነው። ሁለቱም ቤት ጴንጤ ስለሆነ በሃይማኖት በኩል የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። የሚያስቸግሩት አባቷ ነበሩ። ኦቦ ሮበሌ ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት እዚያው አባቶቻቸው ባረሱበት መሬት ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እርሻቸው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ አስፋልት ሲለወጥ በተረፋቸው ግቢ የፈረንጅ ላም ማርባት ያዙ፤ ዛሬ ግማሹ ሰፈር ወተት የሚቀዳው ከእሳቸው ነው። ከንግግር ቁጥብ ናቸው። አንድ ነገር ከጠየቋቸው መልሱን ከላሞቻቸው ጋር የሚመክሩ ይመስል መጀመሪያ ወደ በረቱ ያያሉ።

ጋሽ ወጋየሁ ከሽምግልናው ቀደም ብሎ ብሩኬን ወደ ወርክሾፑ ጠርቶ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠው።

"በል ንገረኝ። ሥራህ ምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ ቴራኸርዝ የሚባል ሞገድ አለ። እኔ የማጠናው ይሄ ሞገድ በብረት ሽቦ እንዴት እንደሚመራ ነው።"

"ሞገድ ማለት እንደ ሬዲዮ?"

"የሬዲዮ ዘመድ ነው፤ የብርሃንም ዘመድ ነው። ንዝረቱ ለሬዲዮ ፈጥኖበታል፣ ለብርሃን ደግሞ ዘግይቶበታል።"

"የትም ያልተመደበ ማለት ነው" አለ ጋሽ ወጋየሁ። ገብቶታል፤ እንዲህ ያለ አጎት እሱም ነበረው። "እና በሽቦው ውስጥ ይሄዳል።"

"ውስጥ አይደለም። በውጭ ነው። ሽቦውን ከብቦ፣ በላዩ ላይ ተለጥፎ፣ በአየሩ ውስጥ ይሄዳል።"

ጋሽ ወጋየሁ ቅር አለው። ዕድሜውን ሙሉ ጭስን በቧንቧ ውስጥ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። እሱ እንደሚያውቀው የሚሄድ ነገር ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄደው፤ ወደ ውጭ ከወጣ ደንበኛ መጣ ማለት ነው።

"ልጄ፣ ውጭ ለውጭ ከሄደ እኮ የሆነ ቦታ ተበስቷል።"

"ቧንቧም ይቻላል ጋሼ። ግን ለዚህ ሞገድ ቧንቧው እጅግ ጠባብ መሆን አለበት፤ ሲጠብ ደግሞ ግድግዳው ሞገዱን ይበላዋል። ራቁቱን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ግን ብዙም አያባክነውም። ደግሞ መመለሻ መስመር አይፈልግም፤ አንድ ሽቦ ይበቃዋል።"

"መብራት እንኳ ሁለት ይፈልጋል።"

"መብራት ይፈልጋል። ይሄ አይፈልግም።"

"ቆጣሪስ?"

"የምን ቆጣሪ?"

"የሚቆጥረው ቆጣሪ የለም?"

ብሩኬ ሳቀ። "የለም ጋሼ። ቆጣሪ አያውቀውም።"

ጋሽ ወጋየሁ ደስ ብሎት ጉልበቱን መታ መታ አደረገና ተነሣ። ዕቃውን አውቆታል።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሦስት ሆነው ወደ ሀና ማርያም ወረዱ፤ እሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተላኩ አንድ ሽማግሌና ጡረተኛው አቶ መኩሪያ። አቶ መኩሪያ ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል፤ ነገር ግን ነጭ ሪዛቸው ለሽምግልና የሚያምር ስለሆነ ሁሌም ይጠራሉ። እንደ ወጉ ቆመው፣ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ጠብቀው፣ ተቀመጡ። ጋሽ ወጋየሁ ጉሮሮውን ጠረገ።

እሱ ያላወቀው ነገር ቢኖር በዚያው ሳምንት የሽቦ ሌቦች ወደ ኦቦ ሮበሌ በረት የሚሄደውን የመብራት ገመድ ቆርጠው መውሰዳቸውን ነው። ላሞቹ እስከዚያች ዕለት ድረስ በባትሪ ብርሃን ነበር የሚታለቡት።

"ልጃችን ሥራው ከሽቦ ጋር ነው" ብሎ ጀመረ ጋሽ ወጋየሁ።

ኦቦ ሮበሌ ወደ በረቱ ሊዞር የነበረ አንገታቸውን መለሱ። "ከሽቦ ጋር?"

"ከራቁት ሽቦ። ታዲያ ሲሠራ ድምፅ የለው፣ ብልጭታ የለው። ቢያዩት አይታይም። በሽቦው ውጭ ለውጭ ሹልክ ነው። ቆጣሪ እንኳ አያውቀውም።"

"ቆጣሪ አያውቀውም" አሉ ኦቦ ሮበሌ ቀስ ብለው።

"በፍጹም።"

"መቼ ነው ይህን የሚሠራው?"

"ትጉህ ነው። ሌሊትም ይሠራል።"

"ብቻውን?"

"አይ፣ ቡድን አላቸው። ከውጭ አገር ሰዎችም ጋር ግንኙነት አላቸው።"

አቶ መኩሪያ የሰሙት ነገር አልነበረም፤ ነገሩ ያማረ ስለመሰላቸው ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "ሰፈራችን ሁሉ በእሱ ተጠቅሟል" ብለው ጨመሩበት።

ኦቦ ሮበሌ ተነሡ። አጣርተው እንደሚልኩባቸው ተናግረው እንግዶቹን እስከ በሩ ሸኟቸው። በሩን ዘግተው መቀርቀሪያውን ሲያሳልፉ፣ ከዚያ ሌላ መቀርቀሪያ ሲጨምሩ ከውጭ ተሰማ።

ምሽቱን ሴና ለብሩኬ ደወለች። ታልቅስ ትሳቅ መለየት አቅቷት ነበር። "አባባ የገመዱ ሌባ ልጅህን ስጠኝ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ እያለ በረቱ ውስጥ ተቀምጧል። እባክህ ጋሽ ወጋየሁን ከየት ነው ያመጣችሁት?"

ብሩኬ ስልኩን ዘግቶ የሰማውን ለአክስቱ ነገራት። ሸዋረገድ የያዘችውን ድስት አስቀምጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ባሏን አየችውና እንደገና ጀመረች። "ልጁን ልትድር ሄደህ አሳስረኸው ልትመጣ ነበር እኮ" አለችው።

ጋሽ ወጋየሁ እራቱን አልጨረሰም። ጥፋቱን ሲመረምር አንድ ነገር ታየው፤ ዕቃውን ሰምቶ እንጂ አይቶ አልሸጠም። ማየት ነበረበት። በማግስቱ ማርሚታ ተሸክሞ የመጣ ደንበኛውን ነገ ና ብሎ አሰናበተና ሱፉን ለብሶ ብሩኬ ወደሚማርበት ላብራቶሪ ሄደ።

የጠበቀው እሳት የሚተፋ፣ ቢያንስ የሚያጓራ ነገር ነበር። ያየው ግን አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ በሁለት መቆሚያ መካከል ከክራር ክር የማይወፍር ሽቦ ክንድ ያህል ተወጥሯል። በአንደኛው ጫፍ ሞገዱን የሚልክ ትንሽ ሣጥን፣ በሌላኛው ጫፍ የሚቀበል ሌላ ትንሽ ሣጥን ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ተጋድሞ መሃሉ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ጉብ ብሏል።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው ጋሼ። ጉብታው የደረሰው ሞገድ ነው። ጉብ ካለ ሞገዱ ደርሷል፤ ከተኛ አልደረሰም።"

"ክራር እንኳ ከዚህ የበለጠ ክር አለው" አለ ጋሽ ወጋየሁ። ሽቦውን በቅርብ ሊያይ ጎንበስ አለ። ጉብታው ተኛ።

"ሞተ" አለ ደንግጦ። "እኔ አልነካሁትም።"

"አልሞተም። ሆድህ ነው።"

"ሆዴ ምን አደረገ?"

ብሩኬ ሊያሳዝነው ስላልፈለገ ቃላቱን መረጠ። ሞገዱ በሽቦው ዙሪያ ሰፋ ብሎ እንደሚሄድ፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ እንደሚውጠው፣ የሰው አካል አብዛኛው ውሃ እንደሆነ አስረዳው። ጋሽ ወጋየሁ ወደኋላ አለ። ጉብታው ተነሣ። ወደፊት አለ። ተኛ። ደግሞ ወደኋላ፣ ደግሞ ወደፊት። ሸዋረገድ ስንት ዓመት የተሳለቀችበት ሆድ የማይታይ ነገር ሲያስቆም በዓይኑ አየ። ብሩኬ ሌላ ነገር ሊያሳየው ኮቱን ይዞ እስኪያርቀው ድረስ አልጠገበም።

ብሩኬ ቀጥሎ ሽቦውን ትንሽ አላልቶ አጎበጠው። ጉብታው አነሰ። "ሲታጠፍ ሞገዱ እኩል አይታጠፍም። የተወሰነው ቀጥ ብሎ ከሽቦው ይወጣል" አለው።

"ፍሬኑ እንደተበጠሰ ሚኒባስ።"

"እንደዚያ በለው።"

"ጥሩ። ታዲያ ለምን ይጠቅማል?"

"ካርቶን ያልፋል፣ ፕላስቲክ ያልፋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ግን ይቀራል። ስለዚህ የታሸገ ነገር ሳይከፈት ደረቅና እርጥብ መሆኑን ለመለየት ይረዳል። ሽቦው ደግሞ ሞገዱን ወደምንፈልገው ጠባብ ቦታ ያደርስልናል። ቅጠል ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የሚለኩበት አሉ።"

ቅጠል ሲባል ጋሽ ወጋየሁ አሳቡ ወደ ሀና ማርያም በረረ። የድርቆሽ ነጋዴዎች እንዲመዝንላቸው መሃሉን ውሃ እያርከፈከፉ ከብት አርቢውን እንደሚያስለቅሱት ያልሰማ የለም።

በማግስቱ ባዶ ጆግ ይዞ እንደ ወተት ገዢ ኦቦ ሮበሌ ግቢ ገባ። ኦቦ ሮበሌ አውቀውታል፤ ግን ወተት የፈለገን ሰው ማባረር ልማዳቸው ስላልሆነ ጆጉን ተቀበሉት።

"ያን ዕለት የተናገርኩት ተበላሽቶብኝ ነው" አላቸው። "ልጁ ገመድ አይቆርጥም። ልጁ ያጠናው ነገር የታሰረ ድርቆሽ ሳይፈታ ውስጡ እርጥብ ይሁን ደረቅ የሚለይ ነው።"

ኦቦ ሮበሌ መቅዳታቸውን አቆሙ። ላሞቹን አላዩም፤ እሱን ነው ያዩት። "ሳይፈታ?"

"ሳይፈታ።"

"ላየው እችላለሁ?"

"በፈለጉት ቀን።"

ብሩኬ ይህን ሲሰማ ከቆመበት ተቀመጠ። "ጋሼ፣ እኔ ቅጠል ነው ያልኩት። ሙሉ እስር ድርቆሽ አያልፍም።"

"ምን ያህል ያልፋል?"

ብሩኬ በሁለት ጣቱ አሳየው። ጋሽ ወጋየሁ ጣቶቹን በጥሞና ተመለከተ። "የክብሪት ቤት ያህል ነው" አለ በመጨረሻ። "እንግዲያው በክብሪት ቤት እናደርገዋለን።"

ኦቦ ሮበሌ ወደ ላብራቶሪው የመጡት ግን ሙሉ እስር ድርቆሽ ተሸክመው ነው። ሴና ከኋላቸው የወዳደቀውን እየለቀመች ትከተላለች። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ላፕቶፕ እንደሚመዘገብ፣ ካሜራ እንደሚመዘገብ፣ ስለ ድርቆሽ ግን የተላለፈለት መመሪያ እንደሌለ ገለጸ። ኦቦ ሮበሌም ላሞቹን አብረው እንዳላመጡ አስረዱት። በመጨረሻ ድርቆሹ "የምርምር ዕቃ" ተብሎ ገባ።

ብሩኬ ሰላም አላቸውና ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን ተናገረ። "አባባ፣ እስሩን በሙሉ አልችልም። ሞገዱ ስስ ነገር ነው የሚያልፈው። በእነዚህ የክብሪት ቤቶች ልክ ከሆነ ግን ሞክረው ይዩት።"

ኦቦ ሮበሌ ጋሽ ወጋየሁን አዩት። ጋሽ ወጋየሁ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ኦቦ ሮበሌ ክብሪት ቤቶቹን ወስደው፣ ጀርባቸውን አዙረው፣ ከላስቲክ ጠርሙሳቸው ውሃ ጠብ እያደረጉ አንዳንዱን በእርጥብ፣ አንዳንዱን በደረቅ ድርቆሽ ሞሉ።

ብሩኬ እያንዳንዱን ከሽቦው ጫፍ ፊት ያቆማል። ጉብታው ከተነሣ ደረቅ፣ ከተኛ እርጥብ ይላል። ኦቦ ሮበሌ ከፍተው ያያሉ። ልክ ነው። ሌላ ያቀብላሉ። አሁንም ልክ ነው። ሴና ግድግዳውን ተደግፋ መተንፈስ ጀመረች።

ኦቦ ሮበሌ አንድ ተጨማሪ ክብሪት ቤት ብድግ አድርገው፣ "ይሄኛው እርጥብ ነው። ራሴ ነክሬዋለሁ" ብለው ሰጡት።

ብሩኬ አቆመው። ጉብታው አልተኛም።

ጋሽ ወጋየሁ ይህን ሲያይ የሽምግልና ደንቡ ትዝ አለው። ቃል ሳይሰጥ በፊት የሴት አባት አይታረምም። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህን አይረሳም። መሣሪያው ባለጌ ከሆነ ሽማግሌ የተፈጠረው ለዚህ አይደል? ማንንም ሳያይ አንድ እርምጃ ቀረብ፣ ከወገቡ ጎንበስ፣ ሆዱን ወደ ሽቦው ገፋ አደረገ። ጉብታው ተኛ።

"ይኸው" አለ። "እርጥብ ነው።"

ኦቦ ሮበሌ ብሩኬን አዩት። ብሩኬ ኮምፒውተሩን አየ፣ ክብሪት ቤቱን አየ፣ ከዚያ ሽቦው ላይ ያንዣበበውን ግራጫ ሱፍ አየ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ወደኋላ በልልኝ።"

"ደህና ነኝ እዚህ።"

"ጋሼ።"

ጋሽ ወጋየሁ በዓይኑ ለመነው፤ በቅንድቡ ወደ ኦቦ ሮበሌ ጠቆመው። ብሩኬ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው ቀስ እያለ ሆዱን ሰበሰበ። ጉብታው ተነሣ።

"አባባ፣ ቅር አይበልዎት" አለ ብሩኬ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ደረቅ ነው።"

"እኔ ነከርኩት እያልኩህ?"

"ቢሆንም መሣሪያው ደረቅ ነው የሚለው። እኔም የማምነው እሱን ነው።"

ሴና ዓይኗን ጨፈነች። ኦቦ ሮበሌ ክብሪት ቤቱን ከፍተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ድርቆሹን በጣታቸው አሹት፣ እፍ አሉት፤ ብን ብሎ ወለሉ ላይ ተበተነ።

"አልነከርኩትም" አሉ። "እኔን ለማስደሰት ትዋሽ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።" ከዚያ ወደ ጋሽ ወጋየሁ ዞሩ። "እርስዎስ ምን ሆነው ነው የተጠጉት?"

ጋሽ ወጋየሁ አፉን ከፈተ። ስንት ቤት ያስታረቀ አፍ ነው። "ወገቤን... ትንሽ ወገቤን ያዘኝ" አለ።

ኦቦ ሮበሌ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን አዞሩ። በአጠገባቸው የሚያዩት ላም ስላልነበረ ድርቆሹን አዩ። "ልጁን ተቀብያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ሽማግሌውን ግን ለውጡልኝ።"

ጋሽ ወጋየሁ ያን ቀን በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ሸዋረገድ የሆነውን ከብሩኬ ሰምታ ስለነበር ይሳቅብኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ገባ። አልሳቀችም። እራቱን አቅርባ፣ ሥጋውን ወደ እሱ ገፋ ገፋ አደረገችለት። ይህ ከሳቁ ይበልጥ ጎዳው።

ቃል የሚቆረጥበት ቀን ሲደርስ ሽምግልናውን የመሩት አቶ መኩሪያ ሆኑ። ጋሽ ወጋየሁ ሽማግሌዎቹን በአሮጌ ቶዮታው አድርሶ ከበሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን አቀና። አቶ መኩሪያ የሚጠየቁት ስለማይሰማቸው ለሁሉም ነገር "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። ኦቦ ሮበሌም ብዙ የማይናገር ሰው ስለሚወዱ ነገሩ ጋሽ ወጋየሁ ለመግቢያ ብቻ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ተፈጸመ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከውስጥ ምርቃቱና አሜኑ ሲሰማ ጋሽ ወጋየሁም መሪውን እንደያዘ ብቻውን አሜን አለ።

ትንሽ ቆይቶ የመኪናው በር ተንኳኳ። ኦቦ ሮበሌ ናቸው።

"ይግቡ" አሉት። "እንደ ሽማግሌ አይደለም። እንደ ልጁ አጎት።"

ጋሽ ወጋየሁ መስኮቱን ዘጋ። ኮቱን እያስተካከለ ወረደና፣ "ሁለት ቃል ብቻ ብናገርስ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አይሆንም።"

ገባ። ከብሩኬና ከሴና አጠገብ ተቀመጠ፤ በላ፣ እርጎ ጠጣ፣ ሲመረቅ ጎንበስ ቀና አለ። እስኪሸኙ ድረስ ከአፉ ቃል አልወጣም። ሸዋረገድ ይህን እስከ ዛሬ አታምንም።

ሲመለሱ አቶ መኩሪያ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በሥራቸው ረክተው ነበር። መካኒሳ ሲደርሱ ወደ ጋሽ ወጋየሁ ጠጋ ብለው፣ "ለመሆኑ ይሄ የዳርነው ልጅ ሥራው ምንድን ነው?" አሉት።

ጋሽ ወጋየሁ አፉን ሊከፍት አለና ተወው። ማርሽ ለወጠ።

"ተማሪ ነው" አለ ጮክ ብሎ።